የጸጋዬ ሳቅ፤ ከቦዳ እስከ ሞሊዬር ቤት

የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን የምንሰማው ነጎድጓድ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በሞት ፊት የቆሙባት ያቺ ሰዓት፣ የቴዎድሮስ ቁጣ፣ የሐምሌት ጥያቄ፣ የኦቴሎ ቅናት... ይህ ሁሉ የጸጋዬ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በዚህ ነጎድጓድ ተውጦ የቀረ አንድ ድምፅ አለ፤ ሳቅ። ይኸው ባለቅኔ የፈረንሳዩን የኮሜዲ ጌታ የሞሊዬርን ሁለት ተውኔቶች፣ «ታርቱፍ»ን እና «የፌዝ ዶክተር»ን፣ ወደ አማርኛ መልሷል። ውድ አንባብያን፣ ላነሣው የወደድሁት ይህን የተዘነጋ ሳቅ ነው።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በምትባል ስፍራ ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ወር አልሞላውም ነበር። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ላይ የቤተ ክህነቱ ግእዝ ተጨመረበት። እንዲህ ላደገ ልጅ ትርጉም ሞያ ከመሆኑ በፊት ኑሮ ነው።

አምቦ ከተማ ውስጥ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝና ይህን ኑሮ በየቀኑ አየዋለሁ። ከጉደር በኩል የመጣ ገበሬ ወሬውን በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ሰላምታው ያለ ችግር ይሻገራል፤ የብሩም ቁጥር ይሻገራል። ቀልዱ ግን እንዲያ በቀላሉ አይሻገርም። በአንዱ ቋንቋ ወረፋውን ሁሉ ያሳቀ ጨዋታ ቃል በቃል ሲተረጎም እዚያው ይሞታል። ሰውን ዳግም የሚያስቀው በአዲሱ ቋንቋ እንደ አዲስ ሲወለድ ብቻ ነው።

ጸጋዬ የመድረክን ነገር የጀመረው ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ነበር። ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቶለታል። ከዚያ ወደ ጄኔራል ዊንጌት፣ ቀጥሎም ለባንክና ለሒሳብ ሥራ ብዙ ሰው ወዳፈራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ። በሕግ ትምህርት ከተመረቀ በኋላ ግን ጠበቃ አልሆነም። ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በለንደን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ደግሞ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ጥበብ አጠና።

ኮሜዲ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. በ1680፣ ሞሊዬር በሞተ በሰባት ዓመቱ የተመሠረተ ነው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «የሞሊዬር ቤት» ይሉታል። የቦዳው ልጅ ሳቅ እንደ ከባድ ሞያ የሚከበርበትን ቤት ከውስጥ አየ ማለት ነው። አገሩ ተመልሶም አሥር ዓመት ያህል ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን ቤት መራ።

«የፌዝ ዶክተር» ታሪኩ ቀላል ነው። ሚስቱን የሚደበድብ አንድ እንጨት ቆራጭ አለ። ሚስቲቱ ልትበቀለው ስትል ታላቅ ሐኪም እንደሆነ፣ ሐኪምነቱንም የሚያምነው ሲደበደብ ብቻ እንደሆነ ታስወራበታለች። ሰዎቹም ደብድበው ሐኪም ያደርጉታል። እሱም ያልተማረውን ላቲን እየቀባጠረ የተማረውን ዓለም ያታልላል። ላቲን እኛን አያስቀንም፤ ከማናውቀው ቋንቋ ቅጂ ሳቅ አይገኝም። ባልገባን ቋንቋ የሚያስፈራራን አዋቂ ነኝ ባይ ግን በየመንደራችን ሞልቷል። ኮሜዲ ተርጓሚ የሚሻገርበት ድልድይ ይኸው ነው፤ ቃሉን ትቶ ሰውዬውን ፍለጋ ይወጣል።

ሳቅ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ወደ ታሪክ ይመልከት። የዘመናዊው የአማርኛ ተውኔት ታሪክ የሚጀምረው በኮሜዲ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አውሬዎችን እያናገሩ ባለሥልጣኑን ተሳለቁበት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ተውኔቱ ታገደ። በሃይማኖት ስም የሚነግድን አስመሳይ ያጋለጠው «ታርቱፍ»ም እ.ኤ.አ. በ1664 ታግዶ በነፃነት ለሕዝብ የታየው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጸጋዬ ራሱ ተውኔቶቹ ሲታገዱበት የኖረ ሰው ነው። ታዲያ ገዥ ከሳቅ ይህን ያህል የሚሸሸው ሳቅ ከንቱ ስለሆነ ይሆን?

ሆኖም ሳቅ መዝገብ የለውም። ግጥም ይታተማል፣ በቃል ይያዛል። አዳራሹን ያናወጠ ሳቅ ግን መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይበተናል። ዛሬ በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ኮሜዲ እያየን የምንስቅ ሰዎች፣ ያ ጽሑፍ ከበስተኋላው የመድረክ አባቶች እንዳሉት እምብዛም አናስብም። ከእነሱም አንዱ ከአምቦ የወጣ ነው።

ጸጋዬ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፈ፤ አፅሙም በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ከሞተ ወዲህ «የማን ነው?» የሚል ሙግት በርትቷል። አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በብዕሩ ቋንቋ ይወስደዋል። ነጎድጓዱን ብቻ ስንሰማ ለየሰልፋችን መፈክር ቆርሰን መውሰድ ይቀለናል። ሳቁን ግን እንዲህ መቁረስ አይቻልም፤ በሁለት ቋንቋ መካከል ሆኖ ሁለቱንም ያዳመጠ ሰው ሥራ ነውና። እንግዲህ የቴአትር ሰዎች ሆይ፣ «የፌዝ ዶክተር»ን ወደ አምቦ አምጡልን። አንድ ምሽት በአማርኛ፣ ሌላውን ምሽት በአፋን ኦሮሞ አሳዩን። ያኔ ሙግቱን ለጊዜው አቆይተን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንስቃለን።