የምረቃ ሜዳሊያና የገጠር ጤና ጣቢያ፤ ከነርስነት ትምህርት ታሪካችን

እንደሚታወቀው የነርሲንግ ተማሪዎች በሚመረቁበት ዕለት በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ። በመጀመሪያ ተመራቂዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻማ አብርተው፣ በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም የተሰየመውን ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ቀጥሎም በትምህርት ውጤታቸው ብልጫ ያገኙት በስም እየተጠሩ ዋንጫ ወይም ሜዳሊያ ይሸለማሉ። ወላጆች እልል ይላሉ፤ መምህራንም የድካማቸውን ፍሬ ያያሉ። ደስታው ተገቢ ነው። ይሁንና መሐላው የሚናገረው ስለ ሕመምተኛው ሲሆን፣ ሽልማቱ ግን በአብዛኛው የሚለካው ፈተናን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነርስነት ታሪካችን ውስጥ ብልጫ በምን ይታወቅ እንደነበር ማስታወስ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ናይቲንጌል በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤቷን ስትከፍት፣ ተማሪዎቿ በዕውቀት ብቻ ሳይሆን በጠባይና በሥራ ትጋት እንዲመዘኑ አድርጋ ነበር። ከዓመታት በኋላ ነርሶች እየተፈተኑ በመንግሥት መዝገብ ይስፈሩ የሚል ሐሳብ ሲነሣ የተቃወመችውም፣ ፈተና የነርስን ጠባይ ሊመዝን አይችልም በሚል ምክንያት ነው። በስሟ የሚጠራው ቃለ መሐላም በ1893 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ በሌሎች ተዘጋጀ እንጂ የእርሷ ድርሰት አይደለም። የእንግሊዝ የነርሶች ምዝገባ ሕግ የወጣው እርሷ ካረፈች በኋላ በ1919 ነው።

በዚያው በ1919 የተወለዱት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሕግ ከተመዘገቡት ነርሶች አንዷ ሆነዋል። በጠላት ወረራ ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር ሲሰደዱ፣ በ1936 ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ትምህርት ጀመሩ። በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡና በጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1941 መጀመሪያ አባታቸው በጎጃም በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱና በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ መንገድ ውጊያ ሲካሄድ ልዕልቲቱ ነርስ ነበሩ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላም ሙያቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ነገር ግን ነሐሴ 1942፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ነቀምቴ ላይ ዐረፉ። የንጉሥ ልጅና የተመዘገበች ነርስ የሆኑትን የገደላቸው፣ የገጠር እናቶችን የሚገድለው ያው አደጋ ነው። በ1951 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የመታሰቢያ ሆስፒታላቸው፣ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

በአገር ውስጥ መደበኛ የነርሶች ትምህርት የተጀመረው በ1949 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ትምህርት ቤቱን የከፈተው ዛሬ የካቲት 12 በሚባለው ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በቁጥር ጥቂቶች ስለነበሩ ሥራቸው በከተማ ሆስፒታሎች ተወስኖ ቆየ። በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ሲፈጅ ግን፣ ሐኪምና ነርስ ከከተማ እስኪደርሱ መጠበቅ የማይቻል መሆኑ ታየ። በተከታዩ ዓመት የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድ ቡድን አሠለጠነ። ተማሪዎቹ ቆላ ድባ በሚገኘው ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያ በተግባር ይማሩ ነበር። በዚያ ነርሷ የምትመዘነው ቤት ለቤት እየሄደች እናቶችን በመምከሯ፣ ሕፃናትን በመመርመሯና ከባልደረቦቿ ጋር ተስማምታ በመሥራቷ ጭምር ነበር። በ1958 ወረርሽኙ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲታመምና 150,000 ያህል ሰው መሞቱ ሲገመት፣ የዚህ ዓይነቱ ባለሙያ አስፈላጊነት ይበልጥ ጎላ።

ብልጫ ያለ ዲፕሎማም እንደሚገኝ የሚያሳይ ምስክር አለን። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወሊድ ምክንያት በደረሰባቸው የፌስቱላ ጉዳት ለሕክምና መጥተው፣ መጀመሪያ አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በመርዳት ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አሠልጥነዋቸው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይማሩ የተዋጣላቸው የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1989 የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሆስፒታሉ ባልደረቦች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ሜዳሊያው የተሰጠው ለተሠራ ሥራ ነው። በ2007 የተከፈተው የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅም ተማሪዎችን ከገጠር እየመለመለ፣ ከምረቃ በኋላ ወደ ተወለዱበት አካባቢ እንዲመለሱ ማድረግን መመሪያው አደረገ።

ይህ ሁሉ ለማንኩሳ ምን ይነግረናል? በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችውን ማንኩሳን ብዙው አንባቢ የሚያውቃት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን ስለ ጤና ባለሙያ የሚያስበው በዝናም መውጫ ልጁ በወባ ሲያተኩስ፣ ወይም ሚስቱ ሌሊት ምጥ ሲይዛት ነው። ከ2003 ጀምሮ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች በአንድ ዓመት ሥልጠና እየተመደቡ የተቋቋመው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዚህ ቤተሰብ መከላከልን አቅርቦለታል። ከእነርሱ በላይ ያለውን ሕክምና የሚሸከመው ግን የጤና ጣቢያው ነርስና አዋላጅ ነው። በምረቃ ቀን የበለጠው ተማሪ ወደዚህ ጤና ጣቢያ የሚመጣበት አጋጣሚ ጠባብ ነው፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ለረዳት መምህርነት ማስቀረት የተለመደ አሠራር ነውና።

ጎበዝ ተማሪ መምህር መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ደካማ መምህር ጎበዝ ነርስ ሊያፈራ አይችልም። ከ2019 ጀምሮ የሚሰጠው የሙያ ብቃት መመዘኛ ፈተናም ሕዝቡን ብቃት ከሌለው ባለሙያ ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው። ጉድለቱ ሽልማቱ አንድ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን ከነጥቡ ሜዳሊያ ጎን፣ በገጠር የተግባር ልምምድ በአዋላጆች፣ በጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና በሕሙማን ምስክርነት ለተመረጠ ተማሪ ሁለተኛ ሜዳሊያ ቢያዘጋጁ፣ የጎንደር ቡድን የተመሠረተበትን መመዘኛ ማደስ ይሆናል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላም የቀድሞ ተሸላሚዎች በአዲሶቹ ምሩቃን ፊት ቆመው በየጤና ጣቢያው የሠሩትን እንዲናገሩ ቢጋበዙ፣ ሻማ ይዘው የሚምሉት ወጣቶች መሐላው ምን እንደሚጠይቃቸው ከሠሩት ሰዎች አፍ ይሰማሉ።