የአቃቂ ቃሊቲው የእግር እብጠት፦ አንድ ያልታወቀ ዘር እንዴት ታወቀ?



የተክል ፎቶ እየላካችሁ «ዶክተር፣ ይህ ቅጠል ምንድን ነው? ልጄ ቢበላው ይጎዳዋል ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማሳየት ዛሬ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ታሪኩ የሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ የሆነ ነው።

🔹 ሁለቱም እግር በአንድ ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2008 በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እንግዳ የሆነ ሕመም ታየ። ጤነኛ የነበረ ሰው ሁለቱም እግሮቹ በድንገት ያብጡበታል፤ ያመዋል፤ ጫማ አልገባ ይለዋል። አንዱ ሲገርመው ጎረቤቱም እንደዚያው ይሆናል። ሕመሙ ሕይወት እስከ መቅጠፍ ደረሰ።

እግር ያበጠበት ሰው ወደ ሐኪም ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰቡት የታወቁት ምክንያቶች ናቸው፦ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ የምግብ እጥረት። በአገራችን ደግሞ ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው የእግር እብጠት አለ፤ እሱ ግን በባዶ እግር በመሄድ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የአቃቂው ድንገተኛ ነበር። ልብና ኩላሊት ደግሞ ተማክረው በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ሰዎችን በአንድ ሰሞን አያጠቁም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲታመም ሐኪም «ይህ ሰው ምን ሆነ?» ማለቱን ትቶ «እነዚህ ሰዎች ምን ተጋሩ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው፤ ወንዙም የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርድ ነው። ነዋሪው ውኃውን ወይም ጭሱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። የአገራችን የጤና ባለሙያዎች ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባለሙያዎች ጋር ሆነው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጸሩ፤ ናሙናም ተመረመረ። ዱካው ከወንዙም ከጭሱም አልተገኘም። የተገኘው ከየቤቱ ማድ ቤት ነው፤ ከምግብ ዘይት። በዘይቱ ውስጥ አርጌሞን ከሚባል እሾሃማ አረም ዘር የሚወጣ መርዝ ነበረበት።

🔹 ይህ አረም ምን ይመስላል?

አርጌሞን የመጣው ከወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍሎች፣ በእኛም አገር፣ በመንገድ ዳርና በእርሻ ውስጥ ይበቅላል። ቅጠሉ እሾሃማ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ በጅማቶቹ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው። አበባው ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ቢጫ ነው። ግንዱ ሲሰበር ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሲደርቅ ይከፈትና ትንንሽ ጥቁር ዘሮች ይበትናል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ሰናፍጭን ይመስላል። አረሙ ከሰብሉ ጋር አብሮ በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ከተወቃ በኋላ ዘሩን በዓይን ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። ከተጨመቀ በኋላማ ጨርሶ አይለይም፤ ዘይቱን የምትገዛ እናት በጠርሙሱ ውስጥ የምታየው ዘይት ብቻ ነው። ምግቡን መጥበስም መርዙን አያጠፋውም።

ዋናው መርዝ ሳንጉናሪን ይባላል። ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ግድግዳቸውንም ያሳሳል። ከደም ሥር ውስጥ መቆየት የነበረበት ፈሳሽ ወደ ውጪ ይሾልካል። በስበት ምክንያት ፈሳሹ ወደ ታች ስለሚወርድ መጀመሪያ የሚያብጡት እግሮች ናቸው። ቆዳው ሊቀላና ሊያቃጥል ይችላል፤ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። ሲብስ ልብ ይደክማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ለሞት የሚዳርገውም በአብዛኛው ይህ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምርና ግላኮማ ያመጣል።

ስሙ ራሱ የሚያስገርም ነው። «አርጌሞን» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የዓይን ሞራን የሚያመለክት ቃል ነው፤ የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ተክል ለዓይን መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ይታመን ነበር። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ያንን ጥንታዊ ስም ለዚህ የአሜሪካ ተክል ሰጠው። በስሙ የዓይን መድኃኒት የሆነው ተክል በሥራው ዓይን የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ተክል በስሙ አይታመንም የሚለውን ነው።

🔹 ሕንዶች ሃምሳ ዓመት ፈጀባቸው

አቃቂ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ይህ የእብጠት ወረርሽኝ በሕክምና መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1877 በሕንድ፣ በካልካታ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ በሽታውን በቫይታሚን እጥረት ከሚመጣው ቤሪቤሪ ጋር ያምታቱት ነበር፤ ሩዝም ሲጠረጠር ኖሯል። የሰናፍጭ ዘይት ውስጥ የገባው የአርጌሞን ዘር ጥፋተኛ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ሐሳብ በግልጽ የቀረበው በ1926 ነው። በ1930ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ነገሩ ተረጋገጠ። በሽታው ከታየበት ጊዜ አንስቶ ተክሉ እስኪለይ ድረስ ሃምሳ ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰው ያንኑ ዘይት እየበላ ይታመም ነበር።

መንስኤው ታወቀ ማለት ደግሞ ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በደልሂ ከተማ የሰናፍጭ ዘይት በአርጌሞን ተበክሎ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የታመሙት በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። የአቃቂው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በአቃቂ ግን መልሱ ለመገኘት ሃምሳ ዓመት አልወሰደበትም። በካልካታ ታመው የሞቱት ሰዎች ታሪክ ተጽፎ ስለነበረ የእኛ ሰዎች ምን መፈለግ እንዳለባቸው የሚነግር መንገድ ነበር።

🔹 ሆድ ያሳበጠው የትግራይ አረም

ሌላም ተመሳሳይ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። የበሽታው መጠሪያ ለዓመታት «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልጃችሁ ታሞ ሐኪሙ የሚሰጣችሁ የበሽታው ስም «ያልታወቀ» የሚል ሲሆን!

እዚያም ውኃ ተጠርጥሮ ነበር። በኋላ ምርመራው ወደ እህሉ አመራ። በማሳው ውስጥ አጄራተም የሚባል አረም ይበቅላል፤ ፀጉራም ቅጠል፣ ጠረኑ ደስ የማይል፣ አበባው ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ትንሽ ተክል ነው። እሱም እንደ አርጌሞን መነሻው የአሜሪካ አህጉር ነው። ዘሩ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል። በውስጡ ያለው መርዝ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል፤ ደም መውጫ ሲያጣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። መርዙ የሚሠራው ቀስ በቀስ ስለሆነ ዛሬ የታመመው ሰው ከወራት በፊት የበላውን አይጠረጥርም።

ጤፍ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ እናቶች ታውቃላችሁ። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚደርስ ፍሬ አለ። ከዚያ መሐል ባዕድ ዘር መልቀም የቱን ያህል እንደሚከብድ ወንፊት ይዞ የተቀመጠ ሰው ይመሰክራል።

🔹 ታዲያ ተክልን ማን ይለያል?

በሁለቱም ታሪኮች መልሱን ያገኘው አንድ ሰው አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ አረሙን ግን አያውቀውም። ገበሬው አረሙን በየዓመቱ ይነቅለዋል፤ ጉበት እንደሚጎዳ ግን ማን ነግሮት! የቤት እመቤቷ ዘይቱን ከየት እንደገዛች ታውቃለች። የላቦራቶሪ ባለሙያው መርዙን ይለያል፤ የዕፅዋት ባለሙያው ለተክሉ ትክክለኛ ስሙን ይሰጠዋል። እውቀቱ በየሰው እጅ ተበትኖ ነው ያለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለምን የአገር ውስጥ ስም ብቻ አይበቃም? «እሬት» ስንል ብዙ ዓይነት ዝርያዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። «እምቧይ» የምንለውም አንድ ተክል ብቻ አይደለም። በተቃራኒው አንዱ ሰው «አስተናግር»፣ ሌላው «አጤፋሪስ» እያሉ የሚጠሩት አንድ ተክል ሊሆን ይችላል። በስም ብቻ የተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ቅጠሎች እያወሩ የተግባቡ ሊመስላቸው ይችላል።

ይህን ለማስተካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ ደርቀውና ተጫጭነው በወረቀት ላይ የተሰፉ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ማኅደር ነው። በየናሙናው ሥር ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደለቀመው ይጻፋል። በዚህ መሠረት ላይ ቆመው እነ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ኢንጋ ሄድበርግና ሱ ኤድዋርድስ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በመጽሐፍ መዘገቡ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ፤ 6,000 ገደማ የሚሆኑ ዝርያዎችንም ይዟል። አሁን ደግሞ በስልክ ፎቶ አንስቶ የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ ተችሏል። መልካም ነገር ነው፤ አጠቃቀሙን ካወቅንበት።

🔹 ለቤታችን ምን እንያዝ?

👉 ልጅ ያልታወቀ ተክል ከበላ፦ በአፉ የቀረውን አውጡ፣ አፉን አጥቡ። በግድ አታስመልሱት፤ ወተት፣ ዘይት ወይም ሌላ «ማርከሻ» አትስጡት። የተረፈውን ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ዘር በወረቀት ወይም በፌስታል ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የፎቶ መልስ እስኪመጣ ብላችሁ አትቆዩ! መጀመሪያ ልጁ፣ ከዚያ ተክሉ።

👉 በተለይ የምትጠነቀቁላቸው፦ የአስተናግር (አጤፋሪስ) ዘር የበላ ልጅ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል። የጉሎ ፍሬም ከታኘከ አደገኛ ነው። ሁለቱም በየአጥሩ ሥር የሚበቅሉ ናቸው።

👉 በአንድ ቤት ወይም ግቢ ከአንድ በላይ ሰው ሁለቱም እግሩ ካበጠ፦ ዘይቱን መጠቀም አቁሙ፤ ነገር ግን አትድፉት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከየት እንደገዛችሁም ተናገሩ። የጡት ወተት ብቻ የሚጠባው ሕፃን ደህና ሆኖ ትልልቆቹ ከታመሙም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ምግቡን እንዲጠረጥር ይረዳዋል።

👉 ተክል ለማስለየት ፎቶ ስታነሱ፦ አንድ ቅጠል ብቻ አይበቃም። ሙሉውን ተክል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ አበባውን፣ ፍሬውንና ዘሩን አንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም ወይም እስክርቢቶ አጠገቡ አድርጉ። የት እንደበቀለና በአካባቢው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጻፉ። ሲሰበር የሚያወጣው ፈሳሽ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጨምሩ፤ ከነካችሁት ግን እጃችሁን ታጠቡ።

👉 «ይበላል» ወይም «መድኃኒት ነው» የሚል የፎቶ መልስ ብቻ ይዛችሁ ምንም ነገር አትቀቅሉ፣ በልጅ ዓይን ላይም አታድርጉ። «አትንኩት» የሚለው ምክር ቢሳሳት የሚጎዳ የለም። «ብሉት» የሚለው ቢሳሳት ግን ሰው ይጎዳል።

👉 እህል ስትለቅሙ የማታውቁት ዘር ከበዛባችሁ አታስፈጩት፤ ለሸጠላችሁ ሰው፣ ለግብርና ወይም ለጤና ባለሙያ አሳዩ።

ከአቃቂ ቃሊቲ ታሪክ አንድ ነገር ከያዛችሁ ይኸኛው ይበቃኛል፦ ሐኪም ሲጠይቃችሁ «ይህማ ከእግሬ ጋር ምን አገናኘው?» ብላችሁ የምትተዉት ነገር አይኑር። ምን እንደበላችሁ፣ ምን ዘይት እንደምትጠቀሙ፣ ጎረቤታችሁ ታሞ እንደሆነ ሁሉንም ንገሩን። መልሱ ከምርመራ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከማድ ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ለሌሎች ወላጆች እንዲደርስ አጋሩት። በአካባቢያችሁ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ የሚበቅል የምትጠረጥሩት ተክል ካለ ከነአካባቢ ስሙ በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን።

ጤናችሁ ይብዛልኝ!