ገጣሚው፣ ግመለኞቹና የአዋሽ መንገድ

ሐረር ጀጎል ውስጥ በአርቱር ራምቦ ስም የሚጠራ ቤት አለ። ቤቱን ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚያ መኖሩም አጠራጣሪ መሆኑ ጎብኚውን አላስቀረውም። ሰውየው ጥሪቱን በሙሉ ጭኖ ያቋረጠው የአፋር ምድር ግን ከስሙ ጋር እምብዛም አይነሳም፤ ከተነሳም እንደ ሲኦል ደጃፍ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ አውሮፓውያን ብዙዎቹ በረሃውን የሚያዩት ገጣሚው በሰው ልጅ ላይ ተስፋ የቆረጠበት የቅጣት ቦታ አድርገው ነው። እኔ ይህን ንባብ አልቀበለውም። ራምቦ በዚያ ጉዞ ስለ ሰው ባሕርይ መራራ ነገር መናገሩ እውነት ነው። ደብዳቤዎቹን ከሒሳቡ ጋር አስተያይቶ ያነበበ ግን ምሬቱ ከበረሃው ሰዎች እንዳልመጣ ያያል። ውሉ የጸናለት በረሃው ውስጥ ነው፤ የፈረሰበት ከበረሃው ወዲያና ወዲህ፣ በባሕሩ ዳርና በደጋው ግቢ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው፤ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ራምቦ በ1854 ሻርልቪል ተወለደ። ይህ የክፍለ አገር ልጅ በፈረንሳይኛ ግጥምን ገለባብጦ ገና በ20ዎቹ መግቢያ ላይ እርግፍ አድርጎ ተወው። በ1880 ኤደን ደረሰ፤ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሲገዛና ሲሸጥ ኖረ። በ1885 ከፒየር ላባቱ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊያደርስ ተነሳ። ስለ ፍቅር የነበረው አቋም በዚያው ሰሞን ከጻፈው አጭር ደብዳቤ ይታያል፤ አብራው ትኖር የነበረችውን ሴት ጥቂት ብር ሰጥቶ ወደ ኦቦክ በጀልባ እንደሚሸኛት ለጣሊያናዊው ፍራንዞይ ሲነግረው፣ ጨዋታው እንደሰለቸው ሰው ነው የሚናገረው። ልቡ የደነደነው፣ እንግዲህ፣ አንድ የአፋር ግመለኛ እንኳ ከመከራየቱ በፊት ነበር።

የንግዱ ስሌት በወረቀት ሲታይ ያማረ ነበር። በታኅሣሥ 1885 ከታጁራ ወደብ ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ በአውሮፓ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው የካፕሱል ጠመንጃ ምኒልክ ዘንድ እስከ 40 ፍራንክ ይሸጣል። በዚያው ደብዳቤ መንገደኛውን ሁሉ ያስፈራል፦ አፋሮቹ የሚያስፈሩ ናቸው፣ ቅፍለት ሁሉ ይጠቃል፣ አዋሽን ከተሻገሩ በኋላ ግን የኃያሉ ንጉሥ ግዛት ይጀምራል፣ አየሩም ኑሮውም ጥሩ ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ አንድ የአፋር መንገድ ገና ሳይሄድ ነው ይህን የጻፈው። ወንዙን ድንበር አድርጎ ወዲህ አውሬ፣ ወዲያ ሥርዓት ብሎ ዓለሙን ለሁለት ከፈለው። ቀጥሎ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተገትሮ ቀረ። የያዘው ሽፍታ ሳይሆን የራሱ መንግሥት ነው፤ የፈረንሳይ ሹሞች በ1886 መሣሪያ በዚያ ጠረፍ እንዳያልፍ ከለከሉ፣ እሱና ላባቱም በሚያዝያ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ላባቱ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ። አብሮ ሊጓዝ የታሰበው ፖል ሶሌዬም በዚያው ዓመት መስከረም ኤደን ላይ አረፈ። ራምቦ በጥቅምት 1886 ብቻውን ተነሳ፤ የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ገባ።

እንግዲህ በመካከል ያለው የአራት ወር መንገድ ነው የሚመረመረው። አሳል ሐይቅን ታክኮ፣ በጨውና በጥቁር ድንጋይ መካከል የሚያልፈውን ያን ጎዳና በነሐሴ 1887 ቦስፎር ኤዢፕሲየን በተባለው የካይሮ ጋዜጣ ላይ ሲገልጸው ከጨረቃ ገጽ ጋር አመሳስሎታል። መልክአ ምድሩን ማንም አይከራከረውም። ነገር ግን በዚያ ምድር፣ ከባልደረቦቹ አንድም ሳይቀርለት፣ አገሬው ሁሉ የሚመኘውን መሣሪያ የጫነ ቅፍለት ይዞ ተሻግሯል። ጠመንጃ ስለያዘ ነው የሚል ይኖራል፤ ራሱም በደብዳቤው አፋሮቹ ጦር እንጂ ጠመንጃ እንደሌላቸው ጽፏል። መልሱ ከግመሉ ላይ ነው። በታጁራ መንገድ የውጭ ነጋዴ ግመሉን የሚከራየው ከአፋር ነው፤ ነጂውም አፋር ነው፤ የውኃውን ጉድጓድ የሚያውቀውም እሱ ነው። ግመለኞቹ አንድ ሌሊት እንስሶቻቸውን ነድተው ቢሰወሩ ነጭ ሰው ከነጠመንጃው ከነሣጥኑ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ይህን ለማድረግ ጥይት መተኮስ አያስፈልጋቸውም። ያላደረጉት የታጁራው ሱልጣንና የየጎሣው አለቆች የገቡበት፣ ክፍያና ቃል ያለበት ስምምነት ስላሰራቸው ነው።

ስምምነቱስ በዚያ ሁሉ ርቀት እንዴት ጸና? እዚህ ላይ ዳጉን፣ የአፋሮችን የወሬ ልውውጥ ሥርዓት፣ ማንሳት ግድ ነው። ዛሬም ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው ምድር ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ያየውንና የሰማውን ይዘረዝራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ የት በቀለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የማን እንግዳ በየት አለፈ ሁሉም ይነገራል። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር የተናጋሪው ግዴታ ነው፤ የዋሸ ሰው በጎሣው ፊት ይጠየቃል። ወራት ሙሉ ታጁራ ላይ የቆመ የጠመንጃ ጭነት፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደተከፈለና ለማን እንደሚሄድ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ አዋሽ ዳር መድረሱ አያጠራጥርም። እንዲህ ባለ አገር ውል ማፍረስ ስውር ሥራ ሊሆን አይችልም፤ ወሬው ከአጥፊው ይቀድማል። ራምቦ በጋዜጣው ጽሑፍ የመንገዱን ርዝመት፣ የጎሣዎቹን ጠብና የውኃውን ነገር ሲያስቀምጥ፣ ዕቃውን ያሳለፈለትን ይህን ሥርዓት ግን ቦታ አልሰጠውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የደም ተቃውሞ ነው። በዚያው በ1886 ፈረንሳዊው ነጋዴ ባራል ከሸዋ ሲመለስ ከሚስቱ ጋር አፋር ምድር ላይ ተገድሏል። ከ11 ዓመት በፊትም ለግብፅ ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ከነጦሩ አውሳ ላይ ተደምስሷል። የባራልን ሞት ማቃለል አይገባም፤ መንገዱ ይገድል ነበር። የሙንዚንገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የመጣው ከወታደር ጋር፣ አገር ሊይዝ ነው። ደግሞም እሱን የደመሰሰው የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1883፣ ከጣሊያናዊው አንቶኔሊ ጋር ተዋውሎ ከአሰብ በአውሳ ወደ ሸዋ ለሚያልፍ ንግድ መንገዱን ከፍቷል። አውሳ ዛሬ ሰመራ ከቆመችበት ብዙ የማይርቅ ምድር ነው። አንድ ገዢ ወራሪን ሲያጠፋና ነጋዴን ሲያሳልፍ የምናየው ለይቶ የሚፈርድ ሰው ነው፤ ባዕድ ሁሉ ጠላቱ የሆነ ሰው እንዲህ አያደርግም።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ሥርዓት ይጀምራል ወደተባለበት። ምኒልክ ሐረርን ሊይዝ ሄዶ ስለነበር አንኮበር ላይ ራምቦን የተቀበለው የላባቱ ዕዳ ነው። አበዳሪ ነኝ የሚል ከየአቅጣጫው መጣ፤ የዕውነቱም የሐሰቱም ተደባለቀ። ኤደን ለሚገኘው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ረዥም አቤቱታ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ፤ ከዚያ ሁሉ የብር ቁጥር መካከል የሚረሳ አይደለም። ሟቹ ላባቱ 34 ደብተር የሕይወት ትዝታ ጽፎ ትቶ ነበር። ራምቦ ደብተሮቹን መበለቲቱ እየረገመችው እሳት ውስጥ ጨመራቸው፤ በመካከላቸው የንብረት ወረቀት ተቀላቅሎ እንደነበር የተነገረው በኋላ ነው። በ16 ዓመቱ ገጣሚ ባለ ራእይ ሊሆን ይገባል ብሎ የጻፈ ሰው፣ በ32 ዓመቱ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ለዕዳ ሲል አቃጠለ። ንጉሡም በበኩሉ ዋጋውን ቆርጦ ከቀነሰ በኋላ፣ ላባቱ አለበት ያለውን ሒሳብ ቀንሶ፣ ቀሪውን ሐረር ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጠው። ራምቦ ከካፒታሉ 60 በመቶ እንደከሰረና 21 ወር እንደተንገላታ ራሱ ጽፏል። ከ21 ወሩ የአፋር በረሃ ድርሻ አራት ወር ብቻ ነው፤ ለኪሳራው ከሰጠው ምክንያት ትልቁም ወረቀትና ድርድር እንጂ ዘረፋ አይደለም።

ያም ሆኖ መንገዱን ማስዋብ አይቻልም። በዚሁ ጎዳና ጠመንጃ ወደ ላይ ሲወጣ ባሪያ ወደ ታች ይወርድ ነበር። እነራምቦ ለሚኒስትሩ በጻፉት ደብዳቤ ሁለቱ ንግዶች አይገናኙም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ለራሳቸው የሚመች ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው፣ ነጂዎቹና ነጋዴዎቹ የተለያዩ ነበሩና። ለሚነዱት ሰዎች ግን የመንገዱ ሥርዓት ጥበቃ ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ ዳጉም ሆነ የአለቆቹ ውል ለእነሱ አልቆመላቸውም። እኔ በረሃው ውሉን ጠበቀ ስል ውሉ ለሁሉም ፍትሕ ነበር ማለቴ አይደለም።

ራምቦ ያለፈበት ሕዝብ ደግሞ ጊኒሊ የሚባል ሰው ያውቃል፤ በሕዝብ መካከል በዜማ የሚተነብይ፣ ተዋጊም ገጣሚም ባለ ራእይም የሆነ። ፓሪስ ላይ ሐሳብ ብቻ ሆኖ የቀረው ባለ ራእይ ገጣሚነት አፋር ውስጥ ሥራና ማዕረግ ነበረው። የቀድሞው ገጣሚ ግን በዚያን ጊዜ ጆሮው ለብር ብቻ ነበር። ዓይኑም ቢሆን ሁልጊዜ አልረዳውም። አዋሽን በተለያየ ቦታ ተሻግሮ በዛፍና በድንጋይ የተዘጋ ቦይ ነው፣ ከንግድ ማዕከሎች የራቀና ከየትኛውም መንገድ የማይገናኝ ነው ሲል ጻፈ፤ ወንዙን በጀልባ የመቅዘፍ ሕልም በነበረው በሟቹ ሶሌዬ ላይም አፌዘ። በጀልባው ጉዳይ ትክክል ነበር። ስለ መንገዱ የጻፈው ግን 30 ዓመት እንኳ በደንብ አልቆመም፤ የጅቡቲው ባቡር የአዋሽን ሸለቆ በድልድይ ተሻግሮ ከተማ ወለደ፣ ዛሬም የአገሪቱ የገቢ ዕቃ በአዋሽ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል በከባድ መኪና ይጎርፋል።

ስለ አገሬው ሰው የነበረው ፍርድም እንደነበረ አልቀረም። በየካቲት 1890 ከሐረር ለእናቱ ሲጽፍ፣ የሐረር ሰዎች ሥልጡን ነን ከሚሉት አገሮች ሰዎች የባሱ ደንቆሮም ክፉም እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም ክፋታቸው እንደሚያንስ፣ ምስጋናና ታማኝነት እንደሚያሳዩ፣ ከእነሱ ጋር ሰው ሆኖ መኖር እንደሚበቃ ነገራት። ከታጁራው ደብዳቤ ጋር ሲነጻጸር የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። በኅዳር 1891 ማርሴይ ላይ ሲሞትም የሐረሩን አገልጋዩን ጃሚን አልረሳውም፤ ገንዘብ ትቶለታል። እዚህ ላይ ግን ራምቦን ሰብአዊ አድርገው ለሚያወድሱት የማይመች ሰነድ አለ። ያን ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ ከመላኩ ሁለት ወር ብቻ ቀድሞ፣ በታኅሣሥ 1889፣ የምኒልክን አማካሪ አልፍሬድ ኢልግን አንድ ጥሩ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቆት ነበር። ኢልግ ልጆቹን አልገዛም ብሎ መለሰለት።