የአያት ዕዳና ሙግት በጥንት መዛግብት

በአገራችን የታሪክ አጻጻፍ ልማድ ስማቸው በብራና ላይ የሚሰፍረው ነገሥታቱ፣ መኳንንቱና ሊቃውንቱ ናቸው። ባላገሩና ነጋዴው በዜና መዋዕል ውስጥ ቢገቡ እንኳ በጅምላ «ሕዝቡ» ወይም «ሠራዊቱ» ተብለው ነው። ይሁን እንጂ ተራው ሰው በስሙ ተጠርቶ የሚጻፍበት አንድ ጊዜ አለ፤ ይኸውም ሲቸገር ነው። መሬቱን ሲሸጥ ወይም ሲያስይዝ፣ ለሌላው ዋስ ሲሆን፣ ተከሶ ሲረታ ስሙ ይመዘገባል። በሰላም አርሶ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ልጆቹን ድሮ የሞተው ጎረቤቱ አንድ መስመር እንኳ አልተወልንም። ስለዚህ የዘር ሐረጉን በጽሑፍ ማስረጃ ለመከታተል የሚሻ ሰው፣ ቢከብደውም፣ ከአያቱ ዕዳና ሙግት ቢጀምር ይሻለዋል።

ማስረጃው የሚገኘው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው ቦታ ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ይጻፍ የነበረው በወንጌልና በሌሎች የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ጭምር ነበር። ወንጌሉ ከቤተ መቅደስ አይርቅም፤ ቃሉን የሚያፈርስም በግዝት ይያዛል፤ ከዚህ የበለጠ መዝገብ ቤት በዚያን ጊዜ አልነበረም። በእንዲህ ያለው ጽሑፍ የሻጩና የገዢው ስም፣ በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ የተቆጠረው ዋጋ፣ ዋሶቹና ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ ያሳተመው ሰፊ ጥናት በአብዛኛው የተመሠረተው በነዚሁ የኅዳግ ጽሑፎች ላይ ነው። ሴቶችም በነዚህ ጽሑፎች ሻጭ፣ ገዢና ተከራካሪ ሆነው ስለሚገኙ፣ ሐረጉን በአባት በኩል ብቻ የሚቆጥር ፈላጊ እኩሌታውን ማስረጃ እንደሚያጣ መገንዘብ አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ካስቀመጧቸው መጻሕፍት ውስጥ ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። የአንድ የጎንደር ቤተሰብ የርስት ሽያጭ ባሕር ማዶ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ጽሑፉ ሲገኝ ሦስት ነገሮች ያስቸግራሉ፤ እነርሱም ስም፣ ዘመንና ገንዘብ ናቸው። አንድ ሰው በቤቱ በዓለም ስሙ፣ በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በጦር ሜዳ ደግሞ በፈረስ ስሙ ይጠራል። ስለሆነም ፈላጊው ሦስቱንም ከቤተሰብ ጠይቆ ካልያዘ በአያቱ ስም ላይ ዐይኑ አርፎ ሊያልፈው ይችላል። ዘመኑን በተመለከተ፣ ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ ዓመተ ምሕረት አይጽፉም፤ የንጉሡን፣ የአለቃውን፣ የዳኛውንና የወንጌላዊውን ስም ጠርተው ያልፋሉ። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለስ ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሽያጭ «በዐፄ ኢዮአስ፣ በዘመነ ማርቆስ» የሚል ቢሆን፣ ንጉሡ ከ1747 እስከ 1761 ዓ.ም. ስለነገሡ ዓመቱ ከ1750፣ ከ1754 ወይም ከ1758 አንዱ ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የአለቃው ስም ከሌላ መዝገብ ጋር ሲተያይ ነው። ገንዘቡም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይሻል። አሞሌ ከጨው ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ስለነበረ መቶ አሞሌ በትግራይና በጎንደር አንድ ዐይነት ዕዳ አልነበረም። ማርትሬዛ ብርም ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምንጊዜ ቢታተም ያንኑ ዓመት ስለሚይዝ የዘመን ምስክር አይሆንም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ያለው ግን፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከዋሶቹ ዝርዝር ዘንድ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ያለ ዋስ ውል የለም፤ ያለ ዋስ ሙግትም አይጀመርም። ባለዕዳው ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ ለየብቻው ይደነግጋል። ስለዚህ በራሱ ዕዳ ሳይሆን በወንድሙ ወይም በአማቹ ዕዳ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ጥቂት አልነበረም። አያቱን በሻጮች ተራ ፈልጎ ያጣ ሰው ዝቅ ብሎ የዋሶቹን ስም ይመልከት፤ ከዚያም ያው ስም ከዓመታት በኋላ በሻጭነት ይገኝ እንደሆነ ይከታተል። ሁለቱ ስፍራዎች ሲገናኙ የአንድ ቤት ውድቀት በሁለት መስመር ይነበባል።

ስለ ሙግቱ ራሱ የተጻፈው ከዚህ ያነሰ ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በቃል ይካሄድ የነበረው ክርክር ከነአንደበተ ርቱዕነቱ በአየር ላይ ቀርቷል። ተከራካሪዎቹ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታውም ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። በመሆኑም የአንዲት ጥማድ መሬት ክርክር ከመሬቲቱ የበለጠ ሀብት ሊያስወጣ ይችል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ሲጓዙ፣ መክፈል ያቃተውም ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ሲለምን የውጭ አገር ተጓዦች አይተው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ከዚህ ሁሉ ወደ መዝገቡ የሚደርሰው ውጤቱ ብቻ ነው። ውጤቱንም የሚያስጽፈው የረታው፣ የገዛው፣ ያበደረው ወገን ነው። ብራናው ሐሰት ይናገራል ማለት አይደለም፤ የሚናገረው ግን በአንድ ወገን አንደበት ነው። የርስት ተከራካሪ ከአቅኚው አባት ጀምሮ የሚቆጥረው የትውልድ ሐረግም ለመርታት የተቆጠረ ሐረግ ስለሆነ፣ የባላጋራው ቆጠራ ከተገኘ ሁለቱን ማስተያየት ያስፈልጋል።

በብዙ ቤተሰብ «አያታችን ርስታቸውን ተቀሙ» የሚል ወግ ይነገራል። መዝገቡ ደግሞ «ሸጠ» ይላል። ከሁለቱ አንዱን ሐሰት ነው ብሎ መጣል ችኮላ ነው። ፍትሐ ነገሥት አራጣን ስለሚከለክል፣ አበዳሪው በወለድ ፈንታ የተያዘውን መሬት ፍሬ የሚበላበት ወለድ አገድ የሚባል ውል ነበረ፤ ዋናው ሲከፈል መሬቱ ይመለሳል። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው በክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ ባለቀበትና እህል በጠፋበት ጊዜ፣ የሚያስይዝ እንጂ የሚከፍል ብዙ አልነበረም። ያስያዘው ሲሞት፣ ልጆቹ ሲበተኑ፣ መያዣው በጊዜ ብዛት ሽያጭ ይመስላል። የባለይዞታው ልጅ «አባቴ ገዝቶት ነው» ሲል፣ የባለዕዳው ልጅ «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» ብሎ ይነሣል፤ ሁለቱም ከአባቶቻቸው የሰሙትን በቅንነት ይናገሩ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የዋጋው መጠን አመልካች ነው። በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ መሬት ከተሸጠበት ዋጋ እጅግ ያነሰ ገንዘብ ተጽፎ ቢገኝ፣ «ሽያጩ» በመሠረቱ ብድር እንደነበረ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይሆናል።

ከ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወዲህ ሥራው ይቀላል፤ ክስ፣ መልስና ፍርድ በወረቀት መጻፍ እየተለመደ ሄዷልና። በ1937 ዓ.ም. መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በአዋጅ ከተገበረ በኋላም የግብር ደረሰኝ በመሬት ክርክር ዋና መሣሪያ ሆነ። ባለርስቱ ደረሰኙን ከፍርዱ ግልባጭ ጋር በሳጥን ቆልፎ ያኖረው ስለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የግል ባለቤትነትን ሽሮ ጭሰኛውን ለባለመሬቱ ካለበት ኪራይና ዕዳ ነጻ ሲያወጣ፣ የሳጥኑ ወረቀት በዳኛ ፊት የነበረው ዋጋ አበቃ፤ ጠባቂም አጣ። ለታሪክ ያለው ዋጋ ግን የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በየአካባቢው ያሉ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከየቤታቸው እንዲህ ያለውን ወረቀት ከነፊርማውና ከነጣት አሻራው እንዲገለብጡ ቢያደርጉ ብዙ ይተርፋል። በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው የእርሻ ስም የትኛው ማሳ እንደሆነ፣ ዋሱም የሻጩ አማች ይሁን አበልጅ ለይተው የሚያውቁት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸውና፣ ግልባጩ አስቀድሞ ለእነርሱ ሊነበብላቸው ይገባል።