ከልብ ወለድ ገጽ ወደ አራዳ አንደበት፦ የቆዩ ፈሊጦች ዕድሜ

በቆዩ ልብ ወለዶቻችን ውስጥ የሚገኙ ፈሊጣዊ አነጋገሮች ዛሬም በሰው አንደበት አሉን? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ የገጠር፣ አንድ የከተማ ድርሰት በአብነት በመውሰድ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሣለው የጎጃምን የባላባትና የገባር ዓለም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲሽር «ገባር» እና «ጭሰኛ» የታሪክ ቃላት ሆኑ። የዚያው ዓለም ፈሊጥ የሆነው «ደጅ መጥናት» ግን አልሞተም። ቀድሞ ሹመት ፈላጊ በጌታ ደጅ ይጠና ነበር፤ ዛሬ ባለጉዳይ በቀበሌና በክፍለ ከተማ ቢሮ ይጠናል። «እጅ መንሻ»ም ከክብር ስጦታነት ወደ ጉቦ ስምነት ወርዶ ዘልቋል። ፈሊጡ የኖረው ደጁ ስላልጠፋ ነው፤ የተለወጠው ባለደጁ ነው።

ሁለተኛው የመትረፊያ መንገድ ከገጸ ባሕርይ ስም ይነሣል። የመደቡን ሥርዓት በመንቀፉ እንደ እብድ የተቆጠረው ካሳ «ጉዱ» የተባለው ለስድብ ነበር። ዛሬ ግን ብዙኃኑን ሳይፈራ እውነት የሚናገር ሰው «ጉዱ ካሳ» ሲባል ስያሜው አብዛኛውን ጊዜ ሙገሳ ነው። መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎችም ይጠቀሙበታል፤ ለዚህም የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ወደ ከተማው ስንመለስ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ውስጥ የውቤ በረሃን የሌሊት ሕይወት ሰዎቹ በሚናገሩበት ቋንቋ ጽፏል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። «በረሃ» ደግሞ በአማርኛ ደረቅ ምድር ብቻ ሳይሆን ሕግ የማይደርስበት የሽፍታ መዋያም ነው፤ «በረሃ ገባ» ማለታችን ለዚህ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ያን ሌሊት አጠፋው። ስሙ ግን ቀረ። «አራዳ»ም እንዲሁ ነው። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውርም፣ የሰፈሩ ስም የብልጥና የነቃ ሰው ጠባይ መጠሪያ ሆኖ ከቦታው ተላቀቀ።

እንግዲህ ፈሊጥ የሚኖረው ከበቀለበት ነገር ተላቆ ሌላ ማረፊያ ሲያገኝ ነው። ይሁንና መላቀቁ ዋጋ አለው፤ ቃሉ ሲቀር ምክንያቱ ይረሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። «አራዳ» የሚለው ቃል ያለ እነርሱም ይዘልቃል። ለምን እንደተባለና እንዴት ይባል እንደነበር የሚያስረዱት ግን እነርሱ ናቸው። በመሆኑም የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን መጻሕፍቱን ይዘው፣ አዛውንቱ በሕይወት ሳሉ፣ ወደ አዲሶቹ መኖሪያዎቻቸው ሊሄዱ ይገባል።