ያለ ጠላ የሚሰበሰብ ማኅበር

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀችው በድጓዋ ነው። በዜማ ትምህርት ብዙ ዘመን የደከመ ደቀ መዝሙር ድጓውን ሊያስመሰክር የሚወጣው ወደዚያች ደብር ነው። በክብ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ጥንታዊው ሕንፃዋም ጸሐፊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 ከጎበኘው ወዲህ በውጭ አገር ተመራማሪዎች ዘንድ ታውቋል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ግን ይህችን ደብር የምናነሳበት ሌላ ምክንያት አለን። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገል ሰው የት ሄዶ ከማን ጋር ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚከብደው በእንዲህ ያለ የገጠር ደብር ዙሪያ ነውና።

ጠጪዎች እርስ በርሳቸው ለመረዳዳት መሰብሰባቸው በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840 በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች ዳግመኛ ላይቀምሱ ተማማሉ፤ የተማማሉትም እዚያው በመጠጥ ቤት ተቀምጠው ነበር። ዋሺንግተናውያን የተባለው ይህ ማኅበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ቢያሰባስብም፣ በጊዜው የፖለቲካ ክርክር ተጠላልፎ እንደ ተስፋፋ ፈጥኖ ከሰመ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ሰኔ ወር (እ.ኤ.አ. 1935) በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ነው። መሥራቾቹ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴና ሐኪሙ ዶክተር ቦብ ስሚዝ፣ ሁለቱም ጠጪዎች ነበሩ። ዊልሰን የተረዳው ነገር ቀላል ነበር፤ ይኸውም ለሌላው ጠጪ የራሱን ታሪክ በሚያወራበት ሰዓት እርሱ ራሱ የመጠጥ አምሮቱ ጋብ የሚልለት መሆኑ ነው። ማኅበሩ በውጭ የፖለቲካ ጉዳይ እንዳይገባ፣ የአባላቱም ስም በአደባባይ እንዳይነገር መደንገጉ ከቀደምቶቹ ውድቀት ጠብቆታል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ማኅበር የሌለበት መንደር የለም ለማለት ያስደፍራል። አባላቱ በወር አንድ ቀን በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ይሰበሰባሉ፤ ሙሴ የሚባል አለቃ አላቸው፤ የንስሐ አባት ጸሎት ያደርሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ተረኛው ይሸጋገራል። የታመመ ይጠየቃል፤ የቀረ ለምን ቀረ ይባላል። በአክሮን የተገኘው ነገር አብዛኛው እዚህ ቀድሞ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንም። አስቸጋሪው ነገር በጽዋው ውስጥ ያለው ጠላ መሆኑ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ አገሩ የገባ ሰው ማኅበሩን ቢሸሽ ብቻውን ይቀራል፤ ቢሄድም ጽዋው ይቀርብለታል፤ አልጠጣም ቢል ደጋሹን እንደ ናቀ ይቆጠርበታል።

የገጠሩ ሰው ለዚህ ያበጀው መድኃኒት ግዝት ነው። ጠጪው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ «ገዝቱኝ» ይላል፤ ወይም ጠበል ይገባል። ብዙዎች በዚህ መንገድ መጠጥ ትተዋል፤ ልናቃልለውም አይገባም። ሆኖም የሙያ ባልደረቦቻችን ደጋግመው ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለብዙ ዘመን አዘውትሮ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም ሊቃዥና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ይህ ካልታከመ ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም ነው፤ በጠበል ቦታ ሲታይ ግን መንፈስ ጮኸበት መባሉ አይቀርም። ካህኑና የጤና ኬላው ሠራተኛ መነጋገር ያለባቸው እንግዲህ ከግዝቱ በፊት ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የቡታጅራ ጥናት ይረዳል፤ ከአዋቂዎች ከመቶ 3.7 የሚሆኑት መጠጣቸው ችግር ላይ የጣላቸው ሆነው ተገኝተዋል። የስብሰባውን ጥቅም በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ታማሚውን ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚመራ ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በማስተው ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ስብሰባ ለሕክምና ጌጥ ነው ለሚሉ ባልደረቦች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት ከአክሮን ልንወስድ የሚገባን ስም መደበቅን አይደለም። ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ስም የሚሸሸግበት ሥፍራ የለም፤ ምሥጢር ጠባቂ ከተፈለገ የንስሐ አባት አለ። የሚወሰደው ቀድሞ ከመጠጥ የወጣው ኋላ የመጣውን መደገፉ ነው። ይህም ለቤተ ልሔም ባዕድ ሥርዓት አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል፤ ያስጠናውም ሲያስጠና የራሱ ዜማ ይጸናለታል። ስለ ጽዋውም ቢሆን መከራከሪያው ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ለቁርባን የሚቀርበው ከደረቀ ዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ የሚያሰክር ወይን አይደለም። በመቅደስ የማያሰክር ጽዋ ከተፈቀደ፣ በማኅበርተኛው ቤት ለአንዱ ወንድም ውሃ መቅዳት ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ከሆስፒታል ለሚወጣው ሰው የሚጻፈው ወረቀት መድኃኒቱንና የቀጠሮውን ቀን ብቻ ባይዝ መልካም ነው። ማኅበሩ የየትኛው ቅዱስ ነው? በወሩ ስንት ቀን ይውላል? ሙሴው ማን ነው? በዚያው አካባቢ መጠጥ ትቶ ዓመት የቆየ ሰውስ አለ ወይ? ይህን ሳይጠይቁ ማሰናበት፣ ሰውየውን በመጀመሪያው የማኅበር ቀን ብቻውን ከጽዋው ፊት ማስቀመጥ ነው።