የዋረን ሀውስ ምድጃ

በእንግሊዝ አገር፣ ዳርትሙር በተባለው ነፋሻ ደጋ ላይ ዋረን ሀውስ የሚሉት የመንገደኞች ማረፊያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1845 ሲሠራ ደንበኞቹ በአካባቢው ቆርቆሮ የሚያወጡ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ። ከመንገዱ ማዶ ከነበረው አሮጌ ቤት በተወሰደ ፍም የተለኰሰው ምድጃ እስከ ዛሬ ጠፍቶ አያውቅም ይባላል፤ እሳት አዳፍኖ ማሳደርን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ቁፋሮው ሲያከትም የቆፋሪዎቹን ወንበር በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎች ወረሱት። በዚህ ደጋ ከሚመላለሱት መካከል የተደበቀ ሣጥን የሚፈልጉ አሉ። ልማዱ የቆየ ነው። በ1854 የቻግፎርዱ መንገድ መሪ ጀምስ ፔሮት፣ ክራንሚር ፑል በተባለው ሩቅ ረግረግ ጠርሙስ አኖረ፤ እዚያ የደረሰ ሁሉ የስም ካርዱን ይተውበት ጀመር። ኋላ ጠርሙሱ በሣጥን፣ ካርዱ በማኅተምና በመዝገብ ተተካ።

በሜይ 2000 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት በሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ላይ ሆን ብሎ ያደርግ የነበረውን ማዛባት አቆመ። ወዲያው፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ ባልዲ ደብቆ ሥፍራውን በቁጥር አስታወቀ። ጂኦካሺንግ የሚባለው ፍለጋ ተወለደ።

መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ሥራው የፔሮት ነው። ሣጥኑ ጠባቂ የለውም፤ ያገኘው ሰው ፈርሞ እንደነበረ ካልመለሰው፣ ቀጣዩ ፈላጊ በጭጋግ ውስጥ ያን ያህል ተጉዞ የሚያገኘው ባዶ ድንጋይ ነው።